ለአንድ መብራት የተከፈተ ፋይል

መሬት ላይ ብዙ ዋሽቻለሁ። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ «መንገድ ላይ ነኝ፣ ደረስኩ» ብያለሁ። የማልወደው ወጥ ሲቀርብልኝ «ዛሬስ ጾመኛ ነኝ» ብዬ አምልጫለሁ፤ ያውም በፍስክ ቀን። እነዚህ ሁሉ ማንንም ሳይጎዱ ከእኔ ጋር በሰላም ኖረዋል። ስለ ሰማይ የዋሸሁት ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያዋ ውሸት ደግሞ አከራዬን እማማ አስካለን አንድ ዓይን ልታሳጣቸው ነበር። ዛሬ ሳልቀባባ ላውራትና ይውጣልኝ።

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከጎጃም ተመድቤ ሐረር ከመጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ። የምኖረው ጀጎል፣ ከግንቡ ውስጥ፣ እማማ አስካለ ቤት፣ ከፎቁ ሥር ባለችው ክፍል ነው። እማማ አስካለ ቅድመ አያታቸው ከሸዋ የመጡ፣ እሳቸው ግን ከግንቡ ውጭ ካለው አዲሱ ከተማ ድረስ ሄደው ሲመለሱ እንኳ «አገሬ ገባሁ» የሚሉ የጀጎል ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባን ዘሏል። ልጅ አልወለዱም። ታይፎይድ በያዘኝ ጊዜ ሦስት ሌሊት ከራስጌዬ አልተነሱም፤ በአራተኛው ቀን ዓይኔን ስገልጥ «ተከራይ ሞተብኝ ልባል ነበር» ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት እናት አለኝ።

ባለፈው ኅዳር ታዲያ የዓይን ሐኪሞች ቡድን ከሩቅ መጣና የእማማን የቀኝ ዓይን ሞራ አወጣላቸው። ፋሻው የተነሣ ዕለት ቤቱ ውስጥ የወረደብንን መዓት አትጠይቁኝ። ሰማያዊ ነው ሲሉት የኖሩት መጋረጃ አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። የማድ ቤቱ ግድግዳ ጥላሸት ለብሶ ተገኘ። ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስበው «ይህን ሁሉ ዓመት እያያችሁ ዝም አላችሁኝ?» ብለው ገሠጹን። እኔ ቅዳሜና እሑዴን ግድግዳ ስቀባ አሳለፍኩ። ደስታቸው ግን ቤቱን ሞልቶት ነበር። ግራ ዓይናቸው ደግሞ ከገና በኋላ ባለው ሐሙስ፣ ቡድኑ ሲመለስ እንዲሠራላቸው ቀጠሮ ተያዘ። ከዚያ በኋላ ቡድኑ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልግባ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አንድ ምሽት፣ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ እማማ ከፎቁ በረንዳ ላይ ሆነው ጠሩኝ። ወጣሁ። በስተምሥራቅ፣ በግንቡ ኤረር በር በኩል፣ ወደ ባቢሌ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«እስቲ ያንን እይልኝ» አሉኝ። «ቀይ ይሆናል፣ መልሶ አረንጓዴ ይሆናል፣ ደግሞ ሰማያዊ። ይንቀጠቀጣል። ምንድን ነው?»

አየሁ። ማለቴ፣ ፊቴን ወደዚያ አዞርኩ። እዚህ ላይ ለማንም ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ። ከአሥር እርምጃ በላይ ያለው ዓለም ለእኔ ገንፎ ነው። ቅርብ ያለውን የቁንጫ እግር እቆጥራለሁ፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ የጠፋ ፋይል ከመደርደሪያ ላይ መዝዤ ስለማወጣ «ንስሩ» ይሉኛል። ያ ንስር ግን የራሱን አለቃ መንገድ ማዶ አይለይም። በዚህ የተነሣ ኩራተኛ ነው ተብያለሁ፤ የማላውቀውን ሰው አቅፌ ስሜ፣ የማውቀውን አልፌ ሄጃለሁ። መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት መንገድ የዘጋብኝን የጎረቤት ውሻ «ዞር በል፣ አንተ ሰነፍ» ብዬ በቦርሳዬ ገፋ አደረግኩት። ውሻው ጅብ ነበር። እሱም ደግ ሆኖ ዞር አለልኝ። የሐረር ጅብ ባይሆን ኖሮ ይህን ወግ ሌላ ሰው ነበር የሚያወራላችሁ።

«መነጽር ግዛ» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ሰምቻለሁ። ግን አባቴ «የእኛ ዘር ዓይን ጭልፊትን ያስንቃል» እያለ ያሳደገኝ ሰው ነኝ። አርባ ሳይሞላኝ፣ ሚስት ሳላገባ፣ «ንስሩ» እየተባልኩ መነጽር ማጥለቅ ሞት ሆኖ ታየኝ። አጉል ኩራት እራት እንደሚያሳጣ አውቃለሁ። የሰው ዓይን እንደሚያሳጣ ግን አላወቅኩም ነበር።

እናም እማማ ወደሚያሳዩኝ ጨለማ አፍጥጬ፣ ልክ እንደ ባለሙያ አንገቴን ዘንበል አድርጌ፣ «ምንም የለም እማማ፤ ባዶ ሰማይ ነው» አልኩ።

እማማ «እሺ» አሉና ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡ። እኔም ወርጄ ተኛሁ፤ እንቅልፌ ደህና ነበር።

በሦስተኛው ቀን የቀጠሮ ካርዳቸውን ይዘው ወደ ክፍሌ ወረዱ። ካርዱን ለጤና ጣቢያው እንድመልስላቸውና ተራቸውን ለሌላ ሰው እንዲሰጡት እንድነግር አዘዙኝ። ደነገጥኩ። ምነው ብዬ ብጠይቅ መጀመሪያ እንቢ አሉ። አጥብቄ ስይዛቸው ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ያዳኑት ዓይን የሌለ ነገር እያሳየኝ ነው» አሉ። «አንተን አስመሰከርኩ፣ የለም አልከኝ። መበላሸት ጀምሯል ማለት ነው። ግራውን አላስነካም። ሞራ ያለበት ዓይኔ ቢያንስ አይዋሽም።»

ይኸውላችሁ፣ የዚያን ጊዜ «እማማ፣ እኔ ነኝ የማላየው» ማለት ነበረብኝ። አራት ቃል ነው። አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ግን «ለማንኛውም ካርዱ እኔ ጋ ይቆይ» የሚል ነበር። ካርዱን ኪሴ ከተትኩት፤ እሳቸው ወጡ፤ እኔም በራሴ ላይ በሩን ዘጋሁ።

ሰው ሲጨነቅ ይጸልያል። እኔ ፋይል እከፍታለሁ። ሙያዬ ነውና ምን ላድርግ። የዚያኑ ዕለት ሽፋኑ ላይ «ጉዳዩ፦ በምሥራቅ በኩል ስለሚታይ ተለዋዋጭ መብራት» ብዬ ጻፍኩና ውስጡን በመሥሪያ ቤታችን የሰዓት መቆጣጠሪያ ዓይነት አሰመርኩት፦ ቀን፣ የመጣበት ሰዓት፣ ያየው ሰው ስም፣ አስተያየት፣ ፊርማ። ሐሳቤ መብራቱ ምን እንደሆነ ደርሼበት፣ የራሴን ጉድ ሳላወጣ እማማን በሰነድ ማሳመን ነበር። ችግሩ መርማሪው ዕውር መሆኑ ነው። ስለዚህ የሚያይ ሰው መቅጠር ነበረብኝ።

የመጀመሪያው ጀማል ሆነ። ጀማል ባጃጁን ሁልጊዜ ኤረር በር አካባቢ የሚያቆም ሹፌር ነው፤ ባጃጁ ዙሪያዋን ቀለም የሚቀያይሩ የቻይና መብራቶች ተለጥፈውባት የሙሽራ ቤት መስላለች። በዚህ ዓለም ላይ ስለሚለዋወጥ መብራት ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ ነው የመረጥኩት። ስለ እማማ ትንፍሽ ሳልል አሳየሁት፤ ማለቴ እሱ አሳየኝ። ጫቱን በጉንጩ ገፋ አድርጎ ትንሽ ተመለከተና ፍርዱን ሰጠ። «አቦ ይሄማ ድሮን ነው። የሰርግ ድሮን። ወላሂ መብራቷ ከእኔዋ ጋር ከአንድ ፋብሪካ ነው የወጣው» አለኝ።

ደስ አለኝም፣ ከፋኝም። ጀማል ቀዩንም አረንጓዴውንም ሰማያዊውንም አይቷል። የእማማ ዓይን ደህና ነው ማለት ነው። የእኔ ደግሞ ከፈራሁትም የባሰ ነው ማለት ነው። ፈረመልኝ።

በማግስቱ ሻምበል ወርቁ መጡ። ሻምበል ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው፤ ጡረታ የወጡት ግን ከደመወዙ እንጂ ከትእዛዙ አይደለም። የጀማልን ቃል ፋይሉ ላይ አንብበው በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙትና «ስሕተት። የባቢሌ አንቴና ነው።» ብለው ጻፉ። ጀማል አንቴና ከተራራ ተነሥቶ ወደ ላይ ሲወጣ አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። አብረውን የቆሙትም «እውነቱን ነው፤ መብራቱ እያየነው ከፍ ይላል» አሉ። ሻምበል ይህን ሲሰሙ አንቴናው ረጅም መሆኑን ገለጹ።

በአራተኛው ቀን መንገዱ ሞላ። ሰው የባቢሌ ኦቾሎኒ እየቆረጠመ የግንቡ ጥግ ላይ ይሰለፍ ጀመር። ያየ ሁሉ ይፈርማል፤ መጻፍ የማይችል በአውራ ጣቱ ያትማል። ጀማል ጫቱ ደህና አድርጎ በያዘው ምሽት ባጃጁን ወደ ምሥራቅ አዙሮ የፊት መብራቷን ሦስት ጊዜ ብልጭ አደረገ። መብራቱም መለሰለት አሉ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ሕዝቡ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ጀማል ላብ አጠመቀው። ከዚያች ምሽት በኋላ ለሁለት ቀን ባጃጁን ፊቷን ወደ ምዕራብ አዙሮ ነበር የሚያቆማት።

እኔ በበኩሌ በስልኬ የሰማይ ካርታ የሚያሳይ ነገር ጫንኩ። ስልኩን ወደ ኮከብ ስትቀስሩት ስሙን ይነግራችኋል። ወዴት እንደምቀስረው ካላወቅኩ ግን ምን ሊያደርግልኝ። ሰው ሁሉ «ያው፣ ያው» ይለኛል፤ እኔ በግምት አዞረዋለሁ። በመጨረሻ ከእግሬ ሥር ፀሐይ እንዳለች ነገረኝ። ለነገሩ አልተሳሳተም፤ መሽቶ የለ፣ ፀሐይ ሌላ የት ትሄዳለች። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ወደ ፋይሌ ተመለስኩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እማማ ቤታቸው ውስጥ ናቸው። በረንዳው ላይ መውጣት ትተዋል። ፊታቸው በየቀኑ ሲጠወልግ እያየሁ አላስችል አለኝና አንድ ማታ ወጥቼ «እማማ፣ ያ ያሉኝ መብራት ዛሬ መጥቷል፤ አየሁት» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «በምን ተራ ነው ቀለሙን የሚቀያይረው?» አሉ።

ይህን አልጠበቅኩም። የመንግሥት ሠራተኛ ደንገጥ ሲል የሚመጣለት አንድ ተራ ብቻ ነው። «አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ» አልኩ።

«ባንዲራ አደረግከው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ተራ የለውም፣ ልጄ። እንደመጣለት ነው። ለእኔ ብለህ እየዋሸህ ነው።»

መንደሩ ሁሉ እያየው መሆኑን፣ ጀማልም ሻምበልም መመስከራቸውን ብናገር፣ እነሱንም ያስጠናኋቸው መሰላቸው። ደግ ልጅ መሆኔን ነገሩኝ፤ ሰው እንዲህ የሚያጽናናው ደግሞ ነገሩ ያለቀለትን ነው አሉ። ነገሩን አስተካክላለሁ ብዬ አባባስኩት። ከአንደኛው ውሸት የሁለተኛው ባሰ።

ሁለት ቀን ቆይቶ በማለዳ ወደ ሥራ ልወጣ ስል ከደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ይወርዳሉ። «ሰባት… ስምንት… ዘጠኝ» እያሉ ደረጃውን ይቆጥራሉ። አሥራ አንደኛው ላይ ቆሙ፤ ባዶውን በእግራቸው ሞከሩ፤ ወለሉን ሲያገኙት «አሥራ አንድ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ተመልሰው ወጡና እንደገና ከአንድ ጀመሩ። ዓይነ ስውርነትን እየተለማመዱ ነበር። እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። የዚያን ዕለት ቢሮ ውስጥ አንድም ፋይል አላገኘሁም።

ቀትር ላይ ፋይሌን በብብቴ ይዤ ጊደር መጋላ ገበያ ወረድኩ። የሄድኩት ከድሬ ጠያራ ማሽላ ይዘው የሚመጡ ኦቦ አህመድ የሚባሉ ገበሬ ዘንድ ነው፤ የእማማ የማሽላ ደንበኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሜዳ ላይ ያሳለፉ ስለሆኑ ሰማዩን ሳያውቁት አይቀሩም ብዬ ነው። የመጣበትን ሰዓት ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው፦ አንድ ሰዓት ከሠላሳ ስድስት፣ በማግስቱ ሠላሳ ሁለት፣ በማግስቱ ሃያ ስምንት። በየቀኑ አራት አራት ደቂቃ እየቀደመ፣ በአሥር ቀን ውስጥ አርባ ደቂቃ ያህል ቀድሟል። በአገልግሎት ዘመኔ በየቀኑ አራት ደቂቃ እየቀደመ የሚገባ ሠራተኛ አጋጥሞኝ ስለማያውቅ ነገሩ የሰው ሥራ እንዳልሆነ እኔም መጠርጠር ጀምሬ ነበር።

ኦቦ አህመድ ሳቁብኝ። «ኡርጂ ናት እኮ፣ ኮከብ» አሉ። ሼኮቻቸው ሺዕራ እንደሚሏት፣ ከሌሎቹ ኮከቦች ሁሉ የምትደምቀው እሷ እንደሆነች፣ በየዓመቱ ማሽላ ታጭዶ ሲያልቅ ምሽት ምሽት በዚያ በኩል ብቅ እንደምትልና በየቀኑ ጥቂት እየቀደመች እንደምትመጣ ነገሩኝ። እሳቸው በአባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው አይተዋታል። ቀለሟን የሚቀያይረው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ። አጠገባችን ኦቾሎኒ የምትቆላ ሴት ነበረች። ከብረት ምጣዷ በላይ አሻግሬ ግንቡን እንዳይ አዘዙኝ። ቅርብ ነበርና አየሁት፤ በትኩሱ አየር ውስጥ ግንቡ ይንቀጠቀጣል። «ግንቡ ተንቀጠቀጠ እንዴ?» አሉኝ። «ዝቅ ስትል በብዙ አየር ውስጥ ታልፋለች፤ አየሩ ነው የሚያላጋት፣ ብርሃኗን የሚሰነጣጥቀው። ከፍ ስትል ትረጋለች።» ፋይሉ ላይ በአውራ ጣታቸው አተሙልኝ።

ከገበያው እስከ ቤት በሩጫ ነው የመጣሁት። እማማ በረንዳው ላይ ማሽላ ይለቅማሉ። ፋይሉን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩና ድሮንም አንቴናም እንዳልሆነ፣ ኮከብ መሆኗን፣ ሰነድ እንዳለው ለፈለፍኩ። እማማ ፊደል ያውቃሉ። በዚያች በዳነች ዓይናቸው አንድ በአንድ ማንበብ ጀመሩ። ጣታቸው በየመስመሩ ይወርዳል። የጀማልን አነበቡ፣ የሻምበልን ቀይ ቀለም አይተው ፈገግ አሉ፣ የአውራ ጣት አሻራዎቹን ቆጠሩ። ገጹን ገለጡ፤ መልሰው ገለጡ። እኔ ነጻ የመውጫዬን ቃል እጠብቃለሁ።

«ያንተስ ፊርማ?» አሉ።

ወለሉ ላይ የወደቀች የማሽላ ፍሬ አነሣሁ።

«ፋይሉን የከፈትከው አንተ። ሰዓቱን የጻፍከው አንተ። ማታ ማታ እዚያ ነበርክ። ሁሉም ፈርሟል፣ አንተ ግን አንድም ቀን አልፈረምክም።»

እውነታቸውን ነው። በአፌ ስንት ዋሽቻለሁ፣ ወረቀት ላይ ግን ያላየሁትን «አይቻለሁ» ብዬ መፈረም እጄ እንቢ ብሎኝ ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት የመዝገብ ቤት ሥራ ያተረፈልኝ ይህን ብቻ ነው። ማምለጫ አልነበረኝም። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ገንፎውን፣ ጅቡን፣ አለቃዬን፣ የአባቴን ጭልፊት። የዚያን ምሽት ምንም የለም ስላቸው ከእጃቸው ማዶ ያለውን እንኳ እንዳላየሁ፣ አፍሬ እንደነበረ ነገርኳቸው። ይቅርታም ጠየቅኳቸው።

የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። እማማ ግን ማሽላውን ወደ ጎን አደረጉና አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝ፤ አንዱን ዓይኔን አዩት፣ ሌላውን አዩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ።

«ከልጅነቴ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ብቻህን?» ብለው ራሴን ዳበሱኝ። ከዚያ ግን ጠነከሩ። «ስማኝ። ከእንግዲህ ያላየኸውን አላየሁም በል እንጂ የለም አትበል። ሰው ይጎዳል።»

ቀጥለውም ፍርዳቸውን ሰጡ። ነገ ሄጄ መነጽር አደርጋለሁ፤ ማታ እዚህ በረንዳ ላይ ከፊታቸው ቆሜ አያለሁ። ካየሁት ሐሙስ ዕለት ይሄዳሉ። ካላየሁት ግን የጣት አሻራ ባመጣ፣ የፊርማ ክምር ባመጣ፣ አይሄዱም። ሐሙስ የቀረው ሁለት ቀን ነበር።

በማግስቱ አዲሱ ከተማ ወደሚገኝ መነጽር ቤት ሄድኩ። ባለሙያዋ አስቀመጠችኝና ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት እንዳነብላት ጠየቀችኝ። የትኛው ግድግዳ እንደሆነ ጠየቅኳት። ብዕሯን አስቀምጣ ለአፍታ አየችኝና እዚያ ድረስ ማን መርቶ እንዳመጣኝ ጠየቀች። ብቻዬን መምጣቴን ስነግራት «መንገዱ የእግዜር ነው» አለች። መነጽሩን አሥር ሰዓት ላይ ሰጠችኝ።

ወደ ቤት የተመለስኩበትን መንገድ ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። ዛፍ ቅጠል አለው፤ አንድ በአንድ። ሰው ከመንገድ ማዶ ሆኖ ይስቃል፣ ይኮሳተራል። አለቃዬ ጥርሳቸው ፍንጭት ነው። ከቤታችን መታጠፊያ ማዶ፣ ከሩቅ ሁልጊዜ ጠዋት «እንደምን አደሩ» የምላቸው፣ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን መልሰውልኝ የማያውቁ ሴትዮ ነበሩ። የውሃ በርሜል ነው። ላዩ ላይ ነጭ ጨርቅ ይሰጣበታል። ቂም ይዤባቸው ነበር፤ በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩ።

ማታ በረንዳው ላይ ወጣን። ገና አልፎ ስለነበር ኮከቢቱ ቀድማ ትመጣለች፤ ገና እንደጨለመ ሁለታችንም ዝግጁ ነበርን። እማማ ወደ ሰማይ አላዩም። ወንበራቸውን ወደ እኔ አዙረው ፊቴን ፊቴን ያያሉ። እጃቸው መቁጠሪያቸው ላይ ነው። እኔ ከእሳቸው ይልቅ ፈርቼ ነበር፤ ባላይስ? መነጽሩ ባይበቃስ? ያላየሁትን አየሁ ብል ያውቁብኛል፣ አላየሁም ብል ዓይናቸው ይቀራል። መነጽሩን አጠለቅኩና ቀና አልኩ።

ከኤረር ሸለቆ በላይ፣ ከተራሮቹ ጫፍ ትንሽ ከፍ ብላ ነበረች። ቀይ ሆነች። ወዲያው አረንጓዴ፣ ወዲያው ሰማያዊ፣ ነጭ፣ እንደገና ቀይ። ተራ የላትም። ትንቀጠቀጣለች፣ አትወድቅም። በሕይወቴ ኮከብ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ምን እንደተናገርኩ አላስታውስም፤ የተናገርኩም አይመስለኝም። አፌ ተከፍቶ እንደቀረ ብቻ ነው የማውቀው። ዞሬ ማየት ትዝ ያለኝ እማማ ሲያለቅሱ ስሰማ ነው።

«በቃ፣ ፊትህን አየሁት» አሉ። «ዓይኔ ደህና ነው።»

ካርዱን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ፋይሉንም አመጣሁና ከሁሉም በታች ፈረምኩ።

ሐሙስ በጀማል ባጃጅ ሄድን። ጀማል የታሪኩን ሥር ሲሰማ መብራቶቹን ሁሉ አብርቶ ነው የወሰደን፣ በጠራራ ፀሐይ። ዓርብ ጠዋት ሐኪሙ የግራ ዓይናቸውን ፋሻ ሊፈታ ሲል እማማ እጄን ያዙኝ። ፋሻው ተነሣ፤ ዓይናቸውን ለጥቂት ጊዜ እንደጨፈኑ ቆዩ። ከዚያ ገለጡት። ሐኪሙ ሁለት ጣቱን ከፊታቸው አቁሞ ስንት እንደሆነ ጠየቃቸው። እማማ ሐኪሙን ትተው ወደ እኔ ዞሩ፤ በሁለቱም ዓይናቸው ከግንባሬ እስከ አገጬ በርጋታ አዩኝ።

«ያን ማታ በአንድ ዓይን ስላየሁህ ጨለማው ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ» አሉኝ። «አሁን በሁለቱም አየሁ። መነጽሩ አያምርብህም፣ ልጄ። እንዳታወልቀው።»